ልጅቷ «ሞያ» ስትል ውኃ ጠምቷት ነበር፦ «ለሕፃን አንድ ቋንቋ ይበቃዋል» ለሚሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ሁለቱ የክፍሌ ልጆች ወላጆች ናቸው። አንዷ እናት ከሥሩ «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጻፈችልኝ። ይህን ምላሽ የምጽፈው ከሁሉ በፊት ለእሷ ነው።

ጎንደር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የዜሮ ክፍል መምህርት ነኝ። በዚህ ሥራ 12 ዓመቴ ነው። የማወራው በየቀኑ ስለማያቸው ልጆች ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው፣ በሦስት ዓመት ልጅ ላይ እንግሊዝኛ የሚጭኑ ኬጂዎች ልጆቻችንን እየጎዱ ነው ይላሉ። ሕፃን መማር ያለበት በቤቱ ቋንቋ ነው፤ የጎንደር ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። ስለዚህ በመዋዕለ ሕፃናትና በዜሮ ክፍል ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ መሰማት የለበትም። ሁለት ቋንቋ የሕፃንን አእምሮ ያምታታል፣ አፍ መፍታትንም ያዘገያል። ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ወላጆች ለልጃቸው ካሰቡ ቤት ውስጥም አማርኛ ያውሩ። አንድ መምህር 60 ልጅ ይዞ የየቤቱን ቋንቋና ባህል ላስተናግድ ቢል አይችልም። በመጨረሻም ይህ ብዝኃነት የሚባለው ነገር ልጆችን ገና በጨቅላነታቸው ይከፋፍላል። ሐሳቡ ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ነጥብ ከጸሐፊው ጎን ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

የበኩር ልጄን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው በከተማችን አንድ የግል ኬጂ አስገባሁት። ሠፈርተኛው ሁሉ የሚያደንቀው ቤት ነበር። ግቢ ውስጥ አማርኛ መናገር ክልክል ነው። አማርኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ካርቶን ይንጠለጠልበታል። ሌላ ልጅ እስኪያዝ ድረስ ያንን አንጠልጥሎ ይውላል። አንድ ቀን ልጄ ሱሪው ርሶ መጣ። ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ሽንቱን የሚናገር ልጅ ነው። ምን ሆነህ ነው ብለው አላወራም አለኝ። ማታ ሊተኛ ሲል ነገረኝ። «ሜይ አይ ጎ አውት» የምትለዋ ጠፍታበታለች። በአማርኛ እንዳይናገር ካርቶኑን ፈራ። ዝም ብሎ ተቀመጠና አመለጠው። በማግሥቱ አስወጣሁት።

እንግሊዝኛ ልጆቻችን ያስፈልጋቸዋል። ሥራውም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ኮምፒውተሩም በእሱ ነው። ግን በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ መንገድ አይደለም። ጸሐፊው ይህን በድፍረት መጻፋቸውን አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ ግን እንለያያለን። ልጄን የጎዳው ምን ነበር? እንግሊዝኛ ነው? እንግሊዝኛ ምን አደረገው! የጎዳው የሚያውቀውን ቋንቋ በር ላይ ጥሎ እንዲገባ መገደዱ ነው። እንዲያ ከሆነ፣ ከቤቷ ዓረብኛ ይዛ ለምትመጣ ልጅ የእኔ አማርኛ ያው ካርቶን ነው። ጸሐፊው ለአማርኛ ተናጋሪው ልጅ ያቀረቡት ማስረጃ በሙሉ ለእሷም ይሠራል። ሕፃን በቤቱ ቋንቋ ይማር ካልን፣ የእሷም ቤት ቤት ነው።

ጎንደር የአንድ ቋንቋ ከተማ ናት፣ ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚለውን እንየው። አብዛኛው ጎንደሬ አፉን የፈታው በአማርኛ መሆኑን የሚክድ የለም። ግን «አብዛኛው» እና «ሁሉም» አንድ አይደሉም። ድሮም አንድ ሆነው አያውቁም። የአፄ ኢዮአስ እናት የወሎ ኦሮሞ ነበረች፤ በእሱ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ኦሮምኛ ይነገር ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ሲቀመጥ፣ መኃልየ መኃልይን በየአካባቢው ቋንቋ አስተርጉሞ ይዞ ሄዷል። ከአማርኛው ሌላ የአገው ቋንቋዎች አሉበት፣ ኦሮምኛ አለበት፣ ጋፋትኛም አለበት። ጋፋትኛን እንያዘው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዛሬውን ለማየት ደግሞ ቤተ መዛግብት መግባት አያስፈልግም። አዲስ ዓለም ብትሄዱ ልጆች ከሰዓት ቁርኣን ቤት ዓረብኛ ይቀራሉ። ወደ እስራኤል ለመሄድ ዓመታት የሚጠባበቁ ቤተሰቦች ልጆች ዕብራይስጥ ይቆጥራሉ። ትግርኛ የሚናገሩ ጎረቤቶች አሉን። ከዋግ የመጡ አሉ። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ በመተማ በኩል ብዙ ቤተሰብ ገብቷል። ከእነሱ መካከል ካርቱም ሲሠሩ የኖሩ የእኛው ሰዎች አሉ፤ ልጆቻቸው አፋቸውን የፈቱት በሱዳን ዓረብኛ ነው። እነዚህ ልጆች ከሰማይ አልወረዱም። የጎንደር ልጆች ናቸው። መስከረም ላይ ስም ዝርዝር ስጠራ «አቤት» ከሚሉኝ መካከል ናቸው። አንዳንዴም የማይሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሁለት ቋንቋ ሕፃኑን ያምታታል የተባለው ነው። እናቲቱን ያስጨነቃትም ይህ ነው።

የራሳችንን አያቶች እናስብ። ልጁ ቤቱ አማርኛ ያወራል። ጠዋት የኔታ ዘንድ ሄዶ ፊደል ይቆጥራል፤ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎ ዳዊት። ይህ ሁሉ ግዕዝ ነው። አምስት ስድስት ዓመቱ ነው። ከጎኑ ያለው የሙስሊም ልጅ ደግሞ በዓረብኛ ይቀራል። መቶ ዓመታት ያልፋሉ፣ በሁለት ፊደል በሁለት ቋንቋ ያደገ ልጅ አበደ ሲባል አልተሰማም። ጎንደር የተማሩ ሰዎች ከተማ ተብላ የተጠራችው በእነዚሁ ልጆች ነው። እርግጥ የልጆቹ ንባብ አብዛኛው ያለ ትርጉም ነበር፤ ቋንቋውን ይናገሩት ነበር ማለት አይደለም። ይህ ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብ ነው። ግን መምታታቱ የት አለ?

ጥናቱስ? ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደነዝዛል የሚለው ሐሳብ በአንድ ወቅት በአውሮፓና በአሜሪካ ምሁራን ዘንድም ነበር። ብዙዎቹ የድሮ ጥናቶች የድሀ ስደተኛ ልጆችን ከተደላደሉ ቤተሰቦች ልጆች ጋር ያወዳድሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤልዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ ሞንትሪያል የ10 ዓመት ልጆችን፣ የቤተሰባቸው ኑሮ ተመሳሳይ መሆኑን አይተው፣ ፈተኑ። ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚያውቁት አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያውቁት ይበልጥ ተሳካላቸው። የተመረጡት ሁለቱንም ቋንቋ አጥርተው የሚያውቁ ልጆች ስለነበሩ ብልጫውን አላጋንነውም። ጉዳት አለመገኘቱ ይበቃኛል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። ሁለት ቋንቋ እየሰማ የሚያድግ ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን የሚያወጣው እንደማንኛውም ልጅ በዓመቱ ገደማ ነው። በአንዱ ቋንቋ ብቻ ብንቆጥር የሚያውቀው ቃል ሊያንስ ይችላል። የሁለቱን ስንደምር ግን ከሌሎቹ አያንስም። ልጁ በሁለቱም ቋንቋ አፉን ካልፈታ ሐኪም ያየው፤ ጆሮውም ይታይ። ጥፋቱን ግን በሁለተኛው ቋንቋ አናላክክ።

አንድ ቀን በክፍሌ የሆነውን ልንገራችሁ። በ2016 መስከረም ካርቱም የተወለደች ልጅ መጣችልኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም። ጎረምሳው ረዳታችን «ይህቺ ልጅ ትሰማለች?» ብሎኛል። ትሰማለች። ልጅ አዲስ ቋንቋ ውስጥ ሲገባ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ዝም ይላል፤ እየሰበሰበ ነው። አንድ ቀን ከጨዋታ ሲገቡ መጥታ ቀሚሴን ያዘችና «ሞያ» አለችኝ። ሞያ? ምን ዓይነት ሞያ? «ጎበዝ፣ ባለሞያ ነሽ» ብዬ ራሷን ዳሰስኳት። ደገመችው። «ሞያ!» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ያለቀሰችው የቀረውን ሰዓት በሙሉ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ እናቷ ስትመጣ ጠየቅኋት። በሱዳን ዓረብኛ ሞያ ማለት ውኃ ነው።

ያን ቀን ያፈርኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ልጅቷ አልተምታታችም። ቃሏን ታውቃለች፣ ለማን እንደምትናገርም ታውቃለች። የጠፋኝ እኔ ነኝ።

በማግሥቱ እናቷን አስቀምጬ ቃላት ጻፍኩ። ውኃ፣ ሽንት፣ ራበኝ፣ አመመኝ፣ እናቴ ትመጣለች። በእኛው ፊደል ነው የጻፍኩት። ከዚያ ቁጥር ቆጠርን። «ዋሒድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ፣ አርበዓ» ስትል ከኋላ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «አራት! አራት ልትል ነው!» ብሎ ጮኸ። «ኸምሳ» ስትል ደግሞ ሌላዋ «አምስት ነው እንጂ ሀምሳ አይደለም» ብላ ልታርማት ተነሳች። ሰብዓ ሲመጣ ክፍሉ በሙሉ ሰባት አለ። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ «የኛም አርባዕቱ አለ» አለ። አስቡት፤ እነዚህ ልጆች አራትና አርበዓ ዘመዳሞች መሆናቸውን ማንም ሳይነግራቸው አገኙ። ቋንቋን እንዲህ ማዳመጥ ፊደል ለመቁጠር ትልቅ ጉልበት ነው። ልጅቷም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ቆጠረች። እስከ ሰባት።

ቀጥሎ ያለው ነጥብ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበው ነው። ወላጆች ቤት ውስጥም የራሳቸውን ቋንቋ ትተው አማርኛ ያውሩ የሚለው። ጸሐፊው በቅንነት እንዳሉት አልጠራጠርም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህንኑ እመክር ነበር። ተሳስቼ ነበር።

ከሰቆጣ አካባቢ መጥተው አዘዞ ቤት የተከራዩ ቤተሰቦች ነበሩ። አባትየው ሕንፃ ግንባታ ላይ ይሠራል፤ አማርኛ ጥሩ ነው። እናትየዋ የምታወራው የዋግ አገዎችን ቋንቋ፣ ኽምጣናን ነው። ልጁ እንዲቀናው ብዬ «ቤትም አማርኛ አውሪው» አልኳት። ታዛዥ ናት፣ እሺ አለች። ከሁለት ወር በኋላ ልጁን ላደርስ ቤታቸው ስሄድ ምን አየሁ? እናት ከልጇ ጋር የምታወራው በአራት ቃል ነው። ና። ሂድ። ብላ። ተኛ። የምታውቀው አማርኛ ያ ነዋ! ተረቷ፣ እንቆቅልሿ፣ ቁጣዋ፣ ማባበሏ ሁሉ ኽምጣና ውስጥ ቀርቷል። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ልጁ አማርኛ አላተረፈም፤ እናቱን ግን ከሰረ። ልጅ ሐሳብ መያዝን፣ ነገር መጠየቅን፣ «ለምን» ማለትን የሚማረው ወላጁ አፉን ሞልቶ ሲያወራው ነው። የተሰባበረ አማርኛ ከሞላ ኽምጣና አይሻልም።

አሁን ጋፋትኛን ላምጣው። ብሩስ ጎንደር ሳለ ያስጻፈው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሊቁ ቮልፍ ሌስላው አገሩ ድረስ ሄዶ ተናጋሪ ሲፈልግ ብዙ ደክሞ ያገኘው አራት ሰው ነበር። ዛሬ ማንም አይናገረው። ቅማንትኛ ደግሞ ከዚሁ ከደጃችን ነው። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነኝ ካለው ከ170 ሺህ በላይ ሕዝብ፣ ቅማንትኛ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው 2 ሺህ አይሞላም። የቋንቋ ምሁሩ ዘለዓለም ልየው ቅማንትኛ በአማርኛ እንዴት እንደተተካ በሰፊው አጥንተውታል። ቋንቋ የሚሞተው ባለቤቱ ሲሞት አይደለም፤ እናት ለልጇ ማውራት ስታቆም ነው። ስለ ፖለቲካው እያወራሁ አይደለም። አያቱ ምን እያለች እንደምትመርቀው ስለማይገባው ልጅ ነው የማወራው።

የቤቱን ቋንቋ የያዘ ልጅ አማርኛ ያመልጠዋል የሚል ካለ፣ እስቲ ወደ አዊ እንሂድ። ሩቅ አይደለም፣ የእኛው ክልል ነው። እዚያ ልጆች የመጀመሪያ ክፍሎችን በአውኝ ይማራሉ። አማርኛንም ይማራሉ። ከእንጅባራ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተማሪ አማርኛው ከማን ያንሳል? በከሚሴ በአፋን ኦሮሞ፣ በዋግ በኽምጣና እንዲሁ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናውና ካትሊን ሂው ከባልደረቦቿ ጋር የመራችው በ1999 ዓ.ም. የወጣ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተማሩ ልጆች የስምንተኛ ክፍል ውጤታቸው ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት የተሻለ ነበር። የመጀመሪያው ቋንቋ ሲጠነክር ሁለተኛው መደገፊያ ያገኛል። ጸሐፊው እንግሊዝኛን ሲቃወሙ የተናገሩት ይህንኑ አልነበረም?

መምህሩ አይችልም የሚለው ነጥብ ግማሹ እውነት ነው። ዘንድሮ 58 ልጅ አለኝ። ምንጣፉ አይበቃም፣ መጫወቻው ተሰባብሯል። በአራት ቋንቋ አስተምሪ ብባል አልችልም፤ የሚችልም የለም። ኽምጣና የሚያውቅ መምህር ለእያንዳንዱ የጎንደር ዜሮ ክፍል ይቀጠር ብል ሕልም ነው። የትምህርት ፖሊሲው ከ1986 ጀምሮ ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ የሚለውና በክፍላችን ያለው ለየቅል መሆናቸውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ግን ማስተማር ሌላ፣ ማስገባት ሌላ ነው። እኔ የማደርገውን ልዘርዝር። ካርቶን ላይ 20 ቃል በየልጁ ቋንቋ በማርከር ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ያ የልጄን አንገት ያሳፈረው ካርቶን አሁን እዚህ ሌላ ሥራ ይሠራል። ዝም የምትለዋን ልጅ ወሬ ከምትወደው አጠገብ አስቀምጣለሁ። ስማቸውን ወላጆቻቸው እንደሚጠሩት አጥንቼ እጠራለሁ፤ ይህ ትንሽ ይመስላል፣ ስማችሁን ዓመት ሙሉ አጣምሞ የሚጠራችሁ ሰው ካለ ግን ትንሽ አለመሆኑን ታውቃላችሁ። ምሳ ዕቃ ሲከፈት የማን ጾም እንደሆነ፣ የማን ሥጋ ለማን እንደማይሆን እናወራለን፤ ማንም አይቀፈፍም፣ ማንም አይሸማቀቅም። በረመዳንም በዐቢይ ጾምም «እማዬ አትበላም» ሲሉ እርስ በርስ ይግባባሉ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ አንድ እናት ወይም አያት መጥታ ተረት ታወራለች፤ በፈለገችው ቋንቋ። ይህ ሁሉ ሲደመር ያስወጣኝ ለካርቶንና ለማርከር ነው።

የመጨረሻው፣ ይከፋፍላል የሚለው። በዚህ አልቆይም። ጎንደር ሰውን መለየት ምን እንደሆነ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጉባኤ ተቀምጦ ሙስሊሞች ለብቻቸው በሌላ ሠፈር እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር። የለየው የሕፃናት ተረት አልነበረም፤ አዋጅ ነው። የጎረቤቱን ልጅ ቁጥር በአምስት ዓመቱ የሰማ ልጅ ሲያድግ ያንን ቋንቋ ሲሰማ አይደነግጥም። አንድ የሚያደርገንን አማርኛ ደግሞ እኔ በየቀኑ አስተምራለሁ፤ እወደዋለሁም። እንዲወዱት የምፈልገውም ካርቶን ፈርተው አይደለም።

ለጠየቀችኝ እናት፦ ለልጅሽ በትግርኛ አውሪው። እንደ ድሮሽ። አማርኛውን ለእኔ ተይልኝ።

ጸሐፊው ጎንደር ካሉ ደግሞ ዓርብ ይምጡልኝ፣ ከዕረፍት መልስ፣ 4፡00 ላይ። በዚህ ዓርብ ተረት የምታወራው የአዘዞው ልጅ እናት ናት። በኽምጣና ነው። ልጇ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል፤ መምህሩን አስፈቅጄዋለሁ፣ መጥቶ የሚያስተረጉመው እሱ ነው።